የማይክሮስኮፕ ቀን ዝምታ

ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ሆስፒታሉ ከወሎ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ የሠራንበት እናውቀዋለን። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወርቅነሽ ጋውኔን ከኋላ እያሰሩልኝ ሦስት ነገር ነገሩኝ። እጄ ከወገቤ በታች እንዳይወርድ፣ መርፌ ሳልቆጥር እንዳልሰጥ ሳልቆጥርም እንዳልቀበል፣ አፌ ደግሞ ከማስኩ ውስጥ እንዲቆይ። «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ሁለቱን ወዲያው ያዝኳቸው። ሦስተኛውን የያዝኩት ተባርሬ ነው።

የዚያን ቀን ኦፕራሲዮን የሐሞት ጠጠር ነበር፤ ያኔ ሆድ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። ዶክተሩ ሊዘጉ ሲሉ ከጥግ በኩል ቀይ ነገር ሲሰርግ አየሁና «ዶክተር፣ እዚያ ጋ ደም አለ» አልኩ። መርፌ መያዣውን ትሪው ላይ አስቀመጡ። ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ፣ አዲሷ ልጅ ቀዶ ሕክምና የት እንደተማረች ሲስተር ወርቅነሽን ጠየቋቸው። ማንም አልሳቀም። ጋውኔን አውልቄ ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሲስተር ወርቅነሽ ሲወጡ አልተቆጡኝም። ደሙን ዶክተሩም አይተውት እንደነበር ነገሩኝ። ነርስ ያየችውን ሁሉ ሐኪሙ ከእሷ በፊት አይቶታል ብዬ እንድይዝ መከሩኝ። ያዝኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ያዝኩት።

ዶክተር መኮንን ትምህርታቸውን ውጭ ጨርሰው ሲመጡ እኔ ስምንት ዓመት ሠርቼ ነበር። ማይክሮስኮፕ ውስጥ እያዩ በባዶ ዓይን በቅጡ የማይለይ ቧንቧ የሚሰፉ ሐኪም ናቸው። ክራቸው ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ ነው። መጀመሪያ ከማሸጊያው አውጥቼ ሳቀብላቸው ባዶ ወረንጦ የሰጠኋቸው መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ወረንጦዎቻቸው ጫፋቸው አንዴ ከተጣመመ ለቅንድብ መንቀያ እንኳ አይሆኑም። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቅድም ነበር። ራሴ አጥቤ፣ ራሴ አድርቄ፣ የላስቲክ ቆባቸውን አልብሼ ሣጥናቸው ውስጥ አስተኛቸዋለሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ «ሲስተር ፀሐይ፣ ልጆቹ ተኙ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይሹፉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጫፍ ብቻ ነው የተበላሸብኝ።

ከመስኮታችን ማዶ ላሜራ የሚቀጠቅጡበት ጋራዥ አለ። በተራ ኦፕራሲዮን ቀን ማንም ልብ አይለውም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን መዶሻው ባረፈ ቁጥር ቧንቧው ይዘላል። ዶክተር መኮንን በእግራቸው ሄደው የጋራዡን ባለቤት አነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ ዘበኛችን ጠዋት ሄዶ «ዛሬ የማይክሮስኮፕ ቀን ነው» ካለ መዶሻ አይነሳም፤ ቀለም ይቀባሉ፣ ጎማ ይፈታሉ። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነበር። ሬዲዮ የለም፣ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ ኮራሁ። የዶክተሩን ገላ አይቼ ቀጥሎ የሚፈልጉትን አውቃለሁ። ክርናቸው ወደ ጎን ከወጣ መቀስ፣ ትንፋሻቸውን ከያዙ መርፌ፣ አንገታቸውን ካዘነበሉ ውሃ። እጃቸውን ሲዘረጉ ዕቃው እዚያ ይጠብቃቸዋል። እንግዳ ሐኪም ሲመጣ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ ጥሩ ነርስ አትጠየቅም፣ አትናገርምም ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በብዛት የሚመጡልን እጃቸው ያበጠ ሴቶች ናቸው። ለጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ሲደረግ ብብት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች አብረው ይወጣሉ። ያኔ ሊምፍ የሚባለው ከእጅ የሚመለስ ፈሳሽ መንገዱ ይዘጋበታል። እጁ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል። ትንሽ ጭረት ባገኘው ቁጥር ትኩሳት ይነሳል፣ እያንዳንዱ ትኩሳት ደግሞ ደኅና የነበረውን ቧንቧ ያበላሻል። የዶክተር መኮንን ሕክምና ሲያወሩት ቀላል ነው። ሥራ ያላቆመ የሊምፍ ቧንቧ ተፈልጎ፣ አጠገቡ ካለ ደም መልስ ጋር ተሰፍቶ ይገናኛል፤ ፈሳሹም በዚያ ይወርዳል። ችግሩ ቧንቧው ከመርፌ ቀዳዳ መጥበቡ ነው።

እዚህ ሥራ ላይ የሚያስፈራው ስህተት ጀርባ መያዝ ነው። መርፌው የፊተኛውን ግድግዳ ብቻ መያዝ ሲገባው አልፎ የኋለኛውን ከያዘ ቧንቧው ይዘጋል። ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ የእጅጌ አፍ ሲሰፋ ክሩ የወዲያኛውን ጨርቅ ይይዝና እጅ የማያስገባ እጅጌ ይወጣል። ልብስ ከሆነ ይተረተራል። ይህች ቧንቧ ስትተረተር አብዛኛውን ጊዜ ትቀደዳለች።

ሮቦቱ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከኤርፖርት ካርጎ እኛ ጋ በእግር ይደረሳል፤ እሱ ግን በሦስት ሣጥን ሆኖ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሣጥኑ ሲከፈት ሥራ የፈታው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። ሰው የሚመስል ነገር ጠብቀን ነበር። የወጣው ባለ ጎማ ምሰሶና ሁለት ቀጫጭን ክንድ ነው። የምግብ ቤታችን ሴትዮ «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው ወደ ወጣቸው ተመለሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወረንጦ የሚመስሉ ሁለት እጀታዎች ይይዛል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። እጁ አንድ ጣት ያህል ሲሄድ የሮቦቱ ጫፍ የጤፍ ፍሬ ያህል ይሄዳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ አያልፍም። ማይክሮስኮፑ የሚያሳየውን ሐኪሙ በልዩ መነጽር ከፊቱ ባለው ስክሪን ያያል፣ እኛ ደግሞ ግድግዳው ላይ ባለው። ሮቦቱ በራሱ አንድም ነገር አይሰፋም። ደግሞም ጫፉ የነካው ነገር ለሐኪሙ እጅ አይሰማም። ዶክተር መኮንን በእጃቸው ሲሰፉ ጀርባ ከተያዘ ጣታቸው ላይ ትንሽ ክብደት ይሰማኛል ይሉ ነበር። በሮቦቱ ያ የለም።

ስድሳን ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ይህን ማሽን ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው «እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም» አሉኝ። «እስኪንቀጠቀጥ ግን አልጠብቅም።» ለዚህ መልሳቸው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ዶሮ ላይ ተለማመድን። የዶሮ ጭን ውስጥ ያለችው ደም ስር ለዚህ ሥራ ልክ ናት። ገርጂ ስለምኖር መግዛቱ እኔ ላይ ወደቀ። ጠዋት ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ሱቅ አራት ጭን ገዝቼ ታክሲ እይዛለሁ። ዘበኛችን ቦርሳዬን ሲፈትሽ «ሲስተር፣ ዛሬም ዶሮ? ሰርጉ መቼ ነው?» ይለኛል። ሁዳዴ ሲገባ በጥቁር ፌስታል መያዝ ጀመርኩ፤ ታክሲ ውስጥ የሚያየኝ ዓይን በዝቶ ነበር።

የሚያሠለጥነን ናሆም የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር። ውጭ ተምሮ የተመለሰ የቦሌ ልጅ ነው፤ አማርኛው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ማሽኑ አልነበረም። «ዶክተር፣ ሲስተር፣ እዚህ ጋ ዋናው ነገር ኮሙኒኬሽን ነው» አለን። «ስክሪኑን የሚያይ ሰው ሁሉ ኮል ያደርጋል። መርፌ ገባ፣ መርፌ ወጣ፣ ጀርባ ነካ። ማሽኑ ፊሊንግ የለውም፤ ፊሊንጉ የእናንተ ዓይን ነው።»

ዶክተር መኮንን እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ክፍላቸው ገበያ እንዳልሆነ በትሕትና ነገሩት። ማደንዘዣው የሚሰጠው እጅ ላይ ብቻ ስለሆነ በሽተኛዋ ነቅታ ሁሉን ትሰማለች፤ እሷ እየሰማች ጀርባ ነካ የሚባል ነገር እንደማይኖር አስረዱት። ናሆም ወደ እኔ ዞረ። እንድደግፈው መፈለጉ ገብቶኛል። እኔ ግን ፈገግ ብዬ «ናሆምዬ፣ እኔና ዶክተር ሳንነጋገር ነው የምንግባባው» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

በሮቦቱ የምትታከመው የመጀመሪያዋ በሽተኛ አማረች ሆነች። ሆሳዕና ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አርባዎቹን የጀመረች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ አበባ በካርቶን በካርቶን እየለየች ትደረድራለች። ቀኝ እጇ ካበጠ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። የሰማያዊ ዩኒፎርሟ እጅጌ አልገባ ሲላት ተርትራ ሁለት ግራጫ ቁራጭ ቀጥላበታለች፤ አንዱ ከክርን በላይ፣ አንዱ ከክርን በታች። አለቃዋ ስለ ቁራጮቹ ምንም አላለም። ያለው ካርቶን ማንሳት ካልቻለች ቦታው እንደማይጠብቃት ነው።

ለምርመራ አረንጓዴ ቀለም ስትወጋ እጇን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ቀለሙ ቆዳ ሥር ሲገባ ሥራ ላይ ያለ ቧንቧ ሁሉ በልዩ ካሜራ ያበራል። ጤነኛ እጅ ላይ ብዙ መስመር ይታያል። እሷ እጅ ላይ ሁለት ታየ፤ አንዱ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከክርኗ ከፍ ብሎ። የቀረውን ትኩሳቱ በልቶታል። ዶክተር መኮንን ሳይደብቁ ነገሯት። ሁለቱም ከተሳኩ እጇ በደንብ ሊቀንስ ይችላል፣ አንዱ ከሆነ በከፊል፣ ሁለቱም ካልሆኑ ግን ሌላ የሚሰፋ የለም።

«እናንተ ሥሩ፣ ጌታ ይረዳችኋል» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሲስተር፣ እርስዎ እዚያው ይሆናሉ አይደል?» ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ። እዚያው እሆናለሁ አልኳት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዘበኛው ለጋራዡ ነግሮ ተመልሷል። አማረች እጇን ዘርግታ ተኛች። ከአንገቷ ላይ አረንጓዴው ጨርቅ ተጋርዷል፤ ፊቷን አናይም፣ እሷም አታየንም። ከጨርቁ ሥር መዝሙር ለራሷ እያዜመች ነበር። ረዳት ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ከአልጋው ማዶ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ቆማለች፤ የዶክተር መኮንን ተማሪ ነበረች። ናሆም ከማሽኑ ጀርባ ነው። ዶክተር መኮንን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ረገጡ።

እንደ ልማዴ ወደ ክርናቸው አየሁ። ክርናቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ጀርባቸው ለእኔ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያነበብኩት ገላ ዛሬ አይነበብም። ያለኝ ስክሪኑ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

ከአንጓዋ በኩል ያለችውን ቧንቧ አገኟት፣ ከደም መልሱ ጋር ገጠሟት። ሁለት ስፌት በደንብ ገባ። ሦስተኛው ላይ መርፌው ሲገባ የፊተኛው ግድግዳ ብቻ ብድግ ማለት ነበረበት። ቧንቧዋ ግን በሙሉ ተጣብቃ ተነሳች። ለአንድ ቅጽበት ነው ያየሁት። ቀና ስል ዶክተር ሄለን እኔን እያየችኝ ነው። ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ እሷም አይታለች።

ያን ቅጽበት ብዙ ቀን ደግሜ አስቤዋለሁ። እሳቸው ከእኔ በፊት አይተውታል አልኩ በልቤ። ካላዩት ደግሞ እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ባልሳሳትስ፣ አማረች እየሰማች እንዴት ይነገራል? ይህን ሁሉ ሳስብ ክሩ ተጎተተ፣ ተቋጠረ። ዶክተር ሄለን ትርፉን ልትቆርጥ እጇን ዘረጋች። መቀሱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ስፌቱ አልቆ ቧንቧዋን የቆነጠጠው መያዣ ሲለቀቅ፣ ንጹሑ ፈሳሽ ወደ ደም መልሱ ገብቶ ደሙን ሲገፋው መታየት ነበረበት። ምንም አልገባም። ካሜራው ሲዞር አረንጓዴው ቀለም ስፌቱ ጋ ደርሶ ቆሟል። ዶክተር መኮንን ሦስተኛውን ስፌት ፈትተው እንደገና ሊሰፉ ሞከሩ። ቧንቧዋ ተቀደደች። የቀረችው ጫፍ አጭር ናት፣ አትደርስም። ይህች እንዳልተሳካች በእንግሊዝኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። እኛ ቤት ክፉ ወሬ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የሚነገረው።

ከጨርቁ ሥር ይሰማ የነበረው መዝሙር ቆመ።

ወደ ክርኗ አመራን። የሮቦቱን ጫፎች ቀየርኩ፣ መርፌዎቹን ቆጠርኩ፣ አላመንኩትምና ደግሜ ቆጠርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሽኑ የእሳቸውን እንጂ የእኔን መንቀጥቀጥ አያጠፋልኝም። ያቺ ሴት ሁለት ቧንቧ ነበራት፤ አንዷ ሄደች፤ ስትሄድም እያየሁ ነው የሄደችው። ከዚህኛዋ በኋላ ሌላ የለም።

የመጀመሪያው ስፌት ደኅና ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ መርፌው ገባ፤ ቧንቧዋ በሙሉ ተነሳች።

«ዶክተር፣ ያቁሙ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። «መርፌው ጀርባውን ይዟል።»

ፔዳሉ ተለቀቀ። የሮቦቱ ክንዶች ባሉበት ቆሙ። ዶክተር መኮንን ዓይናቸውን ከስክሪናቸው አላነሱም። ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም ዶክተር። ግን ቧንቧዋ በሙሉ ስትነሳ አይቻለሁ።»

እሳቸው እንዳላዩት ተናገሩ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ያኔ ዶክተር ሄለን፣ ወለሉን እያየች፣ እሷም እንዳየችው ተናገረች።

መርፌውን በገባበት መንገድ ቀስ አድርገው መልሰው አወጡት። ከዚያ ውሃ እንድጨምር ጠየቁኝ፤ ቃል አውጥተው ዕቃ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያው ነው። ጨመርኩ። ቧንቧዋ ውሃውን ይዛ ስትከፈት የኋለኛው ግድግዳ ላይ የመርፌዋ ነጥብ ታየች። አልተቀደደችም። ናሆም ከማሽኑ ጀርባ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዶክተር መኮንን ግን ፔዳሉን አልረገጡም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩና መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉት።

«የመጀመሪያዋንስ?»

በአማርኛ ነው የጠየቁኝ። አላየሁም ብል የሚያውቅብኝ ዶክተር ሄለን ብቻ ናት፤ እሷም አታጋልጠኝም ነበር። ጨርቁን አየሁት። ከሥሩ ያለችው ሴት ትንፋሿን ይዛለች።

«አይቼ ነበር» አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አይተውታል ብዬ ነው።»

ምንም አላሉም። ያን ጊዜ ከጨርቁ ሥር የአማረች ድምፅ መጣ፤ አፏ ደርቆ ቃሉ እየተሰባበረባት ነበር።

«እባካችሁ ተናገሩ» አለች። «ዝም ስትሉ ነው የፈራሁት።»

ዶክተር መኮንን አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ለእሷ ነበር የተናገሩት፣ በአማርኛ፣ ምንም ሳያስቀሩ። የመጀመሪያዋ ቧንቧ እንዳልተሳካች ነገሯት። አሁን ሁለተኛዋ ላይ እንዳሉ፣ ገና እንዳልተበላሸች፣ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ እየሰማች እንደምትቆይ ነገሯት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ያየ ሁሉ ይናገር» አሉ።

የቀረው ስፌት ልምምድ እንደሌለው የመዘምራን ቡድን ሆነ። መርፌ ገባ እላለሁ፤ ዶክተር ሄለን ጀርባው ነፃ ነው ትላለች፤ አንዳንዴ እኩል እንናገርና እኩል ዝም እንላለን። አንድ ጊዜ ያቁሙ ብዬ ተሳሳትኩ። ቆሙ፣ አዩ፣ ደኅና መሆኑን ነግረውኝ ቀጠሉ። ለዚያ ስህተቴ ማንም ኮሪደር ላይ አላቆመኝም። ከጨርቁ ሥር አማረች መርፌ ገባ ባልኩ ቁጥር «እሺ» ትል ነበር።

መያዣው ተለቀቀ። ንጹሑ ፈሳሽ ስፌቱን አልፎ ደም መልሱ ውስጥ ገባና ደሙን ወደ ፊት ገፋው። «አለፈ» አልኩ፤ ይህን ማለት የእኔ ሥራ አልነበረም፣ ግን አልኩት። አማረች «አለፈ?» ብላ ጠየቀች። ዶክተር መኮንን ማለፉን አረጋገጡላት። እኔ ዞር ብዬ መርፌ መቁጠር ጀመርኩ፤ ዓይኔ ስለሞላ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ከወራት በኋላ ለክትትል መጣች። ዩኒፎርሟን ለብሳ ነበር፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ከክርን በላይ የነበረው ግራጫ ቁራጭ ወጥቶ እጅጌው በሰማያዊው ተገጥሟል። የታችኛው ቁራጭ ግን እንዳለ ነው። ትኩሳቱ አልተመለሰባትም። ካርቶን ማንሳት አልቻለችም፤ መለያ ወረቀት መለጠፍ ላይ አዛውረዋት እዚያው እየሠራች ነው።

ዶክተሩን ስትጠብቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። መርፌው ስቶ ሲገባ ማየቴን፣ ዝም ማለቴን፣ መቀሱን ማቀበሌን ነገርኳት። ግማሹን ያን ቀን ከጨርቁ ሥር ሰምታዋለች፤ እኔ ግን ፊቷን እያየሁ መናገር ነበረብኝ። ሰምታኝ ስታበቃ የታችኛውን ቁራጭ በግራ እጇ ዳሰሰችው።

«እንግዲህ ይቺ የእርስዎ ናት» አለችኝ።

ቁጣ አልነበረባትም፣ ቀልድም አልነበረባትም። አዎ፣ የእኔ ናት አልኳት። ከዚያ የላይኛውን በሰማያዊ የገጠመው ልብስ ሰፊ እንዳይመስለኝ፣ ልጇ ናት የሰፋችው ብላ ጨዋታውን ቀየረችልኝ። ስሟ ሲጠራ እጇን ይዤ አስገባኋት።

ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል። አሁን የአዳዲስ ነርሶችን ጋውን ከኋላ የማስረው እኔ ነኝ። ስናስር ሦስት ነገር መናገር ወግ ነው፣ እኔም ሦስት እናገራለሁ። እጃችሁ ከወገባችሁ በታች አይውረድ። መርፌ ሳትቆጥሩ አትስጡ፣ ሳትቆጥሩም አትቀበሉ። ሦስተኛውን ቀይሬዋለሁ። ያያችሁትን ወዲያው ተናገሩ፣ እርግጠኛ ባትሆኑም፣ በሽተኛዋ ብትሰማም። ሐኪሙ ቀድሞ አይቶት ከሆነ የሚባክነው አንድ ቃል ነው።